ክፍል 23

ባለፈው በጋ አንድ እሑድ፣ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለ። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቋል። እናቱ ዲቪ ደርሷት ስትሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ዜግነት ስታገኝ እሱም አብሯት ዜጋ ሆነ። አሁን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊቀጥረው ፈልጓል። ሥራው ምስጢር ያለበት ስለሆነ ግን መጀመሪያ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ክሊራንስ» የሚሉትን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለዚያ የሚሞላው ቅጽ ኤስ.ኤፍ. 86 ይባላል፤ ቢታተም ከመቶ ገጽ በላይ ነው። የኖርክበት ቤት፣ የሠራህበት ቦታ፣ ዕዳህ፣ ዘመዶችህ፣ የረገጥከው አገር፣ አንዱም አይቀር። ክፍል 23 ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ባለፉት 7 ዓመታት ሕገወጥ ዕፅ ተጠቅመሃል ወይ ይላል።

ተጠቅሟል። ዩኒቨርሲቲ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ማሪዋና አጭሷል። በዚያ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ሄዶ ሳለ አጎቶቹ በርጫ ላይ አስቀምጠውት ጫት ቅሟል። «አዎ ልበል ወይስ የለም ልበል?» ሲለኝ ሳላስብ «የለም በል! ማን አይቶህ?» አልኩት።

ይህን ስለው አላፈርኩም። እኛ እኮ ቅጽ ላይ እውነት መጻፍን ማን አስተምሮን? እኔ ወደ ቤሩት ስመጣ ደላላው «አስተማሪ ነበርኩ እንዳትዪ፣ የተማረች አይፈልጉም» ብሎኝ፣ ወረቀቴ ላይ «ሥራ የላትም» ተብሎ ተጽፏል። ስምንት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩት ሰው በአንድ መስመር ጠፋሁ። ግን ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የታሪክ አስተማሪ አመሉ አይለቅም፤ ጥያቄ ሲያይ ይህ ነገር ከየት መጣ ይላል። በእሑድ ዕረፍቴ፣ በስልኬ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሳነብ ሦስት ወር ሞላኝ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት ነው። በፕሬዝዳንት ትሩማን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ በዋናነት የሚጠየቀው ለአገሩ ታማኝ መሆኑን ነበር። በኤፕሪል 1953 ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ቁጥር 10450 የተባለውን ትእዛዝ ሲፈርሙ ጥያቄው ከታማኝነት አልፎ ወደ ጠባይ ገባ። መጠጥ የሚያበዛ፣ የዕፅ ሱሰኛ የሆነ፣ በዚያ ዘመን ሚዛን ነውረኛ የተባለ ሰው ለመንግሥት ሥራ አደጋ ነው ተባለ። በዚህ ትእዛዝ ከተባረሩት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩት በዕፅ ሳይሆን በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩ ነበሩ። የተሰጠው ምክንያት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ የሚደብቀው ነገር ያለውን ሰው ጠላት በዚያ ምስጢር አስፈራርቶ ሊያሠራው ይችላል። ልብ በሉ እንግዲህ። ሰውየው የሚደብቀው ከሥራ እንዳይባረር ነው፤ የሚባረረው ደግሞ ስለሚደብቅ ነው። ይህ ክብ ለብዙ ዓመታት ሲሽከረከር ኖሯል።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። የ1953ቱ ትእዛዝ የሚለው «ሱስ» ነው። አንድ ምሽት የቀመሰን አይደለም። የቀመሰው ሰው ጉዳይ የመጣው ቀማሾቹ ሲበዙ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በማሪዋና ጭስ ታፈኑ። ቬትናም የዘመተው ወታደርም ሄሮይን ለመደና በ1971 መንግሥት ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሽንቱን ይመረምር ጀመር። ያ ሁሉ ወጣት ዕድሜው ገፍቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ሥልጣን ደጃፍ ላይ የደረሰው በ1980ዎቹ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ፕሬዝዳንት ሬገን በዕፅ ላይ ጦርነት አውጀው ነበር። በሴፕቴምበር 1986 በቁጥር 12564 ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሙሉ ከዕፅ የጸዳ ይሁን፣ ሕገወጥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው ለፌዴራል ሥራ አይመጥንም አሉ። የሽንት ምርመራው ወደ ቢሮ ገባ።

ከዚያ የሆነው ነገር ቲያትር ይመስላል። በኦክቶበር 1987 ሬገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጩት ሮበርት ቦርክ በሴኔት 58 ለ 42 ተጣሉ። የተናደዱት ሬገን በስድስተኛው ቀን ሌላ ሰው አመጡ፤ ዳግላስ ጊንስበርግ፣ የ41 ዓመት ዳኛ፣ ወንጀልን አጥብቆ ይዋጋል የተባለ። ሳምንት ብቻ ቆይቶ የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ኒና ቶተንበርግ ሰውየው ማሪዋና ያጨስ እንደነበረ ዘገበች። ጊንስበርግ አልካደም። በ1960ዎቹ ተማሪ እያለሁ አንድ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ጥቂት ጊዜ አጭሻለሁ፣ ስህተት ነበር አለ። ችግሩ በ1970ዎቹ ተማሪ አልነበረም፤ ሃርቫርድ ላይ የሕግ አስተማሪ ነበር። ኖቬምበር 7 ራሱን ከእጩነት አወጣ። ከታጨ አሥር ቀን እንኳ አልሞላውም። በምትኩ የቀረቡት አንቶኒ ኬኔዲ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ 97 ለ 0 አለፉና በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀመጡ።

እኔን እዚህ ላይ ያቆመኝ ምን መሰላችሁ? ጊንስበርግ በነበረበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኝነቱን ቀጠለ። ማንም አላነሳውም። ቆይቶ የዚያ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነ። እንግዲህ ያ ጭስ ለአንዱ ወንበር መርዝ፣ ለሌላው ወንበር ምንም ነው ማለት ነው። ነገሩ ዕፁ ሰውየውን ያበላሸዋል የሚል ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም ባነሱት ነበር። የተፈለገው ሕዝብ ፊት የሚታይ ንጽህና ነበር።

የጊንስበርግ መውደቅ ግን አንድ በር ከፈተ። በዚያው ሰሞን ለፕሬዝዳንትነት እጩነት ይወዳደሩ የነበሩት አል ጎር እና ብሩስ ባቢት ሳይቀደሙ ቀድመው እኛም አጭሰናል አሉ። ጎር በ1993 ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ፣ ባቢት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1991 ክላረንስ ቶማስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ በተማሪነታቸው ማሪዋና መሞከራቸው ገና በመጀመሪያ ተነገረ፤ የምርጫ ሂደታቸው በሌላ ክስ እጅግ ተናወጠ እንጂ በማሪዋናው ማንም አላስጨነቃቸውም። አራት ዓመት ብቻ ነው ልዩነቱ። በ1992 ክሊንተን ኦክስፎርድ እያለሁ ሞክሬያለሁ፣ ግን ወደ ውስጥ አልሳብኩትም ብለው አገር ሳቀባቸው፤ ቢሆንም ተመረጡ። ኦባማ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ማሪዋናም ኮኬይንም መሞከራቸውን ራሳቸው ጻፉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ታናሹ ቡሽ ናቸው። በ1999 ጋዜጠኞች ስለ ኮኬይን ሲወጥሯቸው አዎም አይደለምም አላሉም። ያሉት፣ የመንግሥትን የጀርባ ምርመራ የ7 ዓመቱን ጥያቄ አልፋለሁ ነው። በማግስቱ ደግሞ አባቴ ፕሬዝዳንት ሲሆን የነበረውን የ15 ዓመቱንም አልፍ ነበር አሉ። የእህቴን ልጅ እጁን ያስያዘው ቅጽ ለእሳቸው መሸሸጊያ ሆነ። የሚያስቀው ደግሞ ፕሬዝዳንት ይህን ቅጽ አይሞላም። ሕዝቡ መረጠው፣ በቃ፣ የአገሪቱ ምስጢር ሁሉ የእሱ ነው።

ቅጹን የሚሞላው ታች ያለው ሰው ነው። ለታችኛው ደግሞ ነገሩ እንዲህ ቶሎ አልለዘበም። በ1989 የጉምሩክ ሠራተኞች የሽንት ምርመራውን ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር። ከተመረመሩት 3,600 ሠራተኞች ዕፅ የተገኘባቸው ቢበዛ 5 ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግን 5 ለ 4 ምርመራው ይቀጥል አለ። ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ ራሳቸው ተቃወሙ፤ ችግር መኖሩ ሳይታይ ለምልክት ተብሎ ብቻ የሰው ክብር ይነካል ብለው ጻፉ። በ2000 ኮንግረስ የመከላከያ ሚኒስቴር ዕፅ ለሚጠቀም፣ ወይም ከአንድ ዓመት በላይ ለተፈረደበት ሰው ክሊራንስ እንዳይሰጥ ከለከለ። የኋለኛው ክልከላ በ2008 በመጠኑ ላላ። ኤፍ.ቢ.አይ. ደግሞ ቁጥር ይቆጥር ነበር፤ እስከ 2007 ድረስ በዕድሜህ ከ15 ጊዜ በላይ ማሪዋና ካጨስክ አንቀጥርህም ይል ነበር። አሥራ አምስተኛው ይሁን አሥራ ስድስተኛው በምን ያውቀዋል? አጭሶ የሚቆጥር ሰውስ አለ? በኋላ ቁጥሩን ትተው ከተውክ 3 ዓመት ይሙላህ አሉ።

ያለዘበው ደግሞ ርኅራኄ አይደለም፤ የሰው እጥረት ነው። በ2014 የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊው ጄምስ ኮሚ የኢንተርኔት ወንጀል የሚከታተሉ ልጆች እፈልጋለሁ፣ አንዳንዶቹ ግን ለቃለ መጠይቅ ሲመጡ እንኳ ማጨስ ይፈልጋሉ ብለው ተናገሩ። ሴኔት ጠርቶ ሲቆጣቸው ቀልድ ነበር አሉ። ቀልዱ ግን እውነት ነበረ፤ በ2021 የሦስት ዓመቱ ወደ 1 ዓመት ወረደ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ዋይት ሐውስ በማሪዋና ምክንያት 5 ሠራተኞቹን አሰናበተ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ የስለላ መሥሪያ ቤቶች የበላይ ኃላፊዋ አቭሪል ሄይንስ፣ ያለፈ የማሪዋና አጠቃቀም የሚታይ ነገር ነው እንጂ ብቻውን የሚወስን አይደለም የሚል መመሪያ አወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ እጅ እያሰረም እየፈታም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ከ2017 ጀምሮ ለሁሉም መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ የመመዘኛ ሰነድ አለ። ስለ ዕፅ የሚናገረው ክፍል አጫሹን ዘግቶ አያባርርም። መቼ ነበር? ስንት ጊዜ? ከእነዚያ ጓደኞችህ ርቀሃል? ዳግመኛ አልነካም ብለህ ትፈርማለህ? እያለ ይጠይቃል። ሌላው ክፍል፣ ስለ ግል ጠባይ የሚናገረው፣ ቅጽ ላይ አውቆ መዋሸትን ለብቻው እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጥራል። በሕጉም ለመንግሥት አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ክፍል 23 ላይ ደግሞ ልጁ ያላስተዋለው ማስታወሻ አለ፤ በእውነት የመለስከው መልስ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብህም ይላል። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ግድግዳ አየሁ። የወረቀት ነገር እንዲህ ቃል ሲገባ ስንት ጊዜ አይተናል?

በይግባኝ የታዩ የመከላከያ ሚኒስቴር ጉዳዮች ስማቸው እየተነሳ ለሕዝብ ይወጣሉ። እንግሊዝኛዬ ሕግ ላይ ቢዝልም ብዙ አነበብኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አጭሻለሁ፣ ትቻለሁ ብሎ ከመጀመሪያው የጻፈ ሰው ደጋግሞ ሲያልፍ አየሁ። የሚወድቀው ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ መርማሪው ፊት ሲቀመጥ «ለካ አለ» ያለው ነው። መርማሪው ጎረቤትም፣ የድሮ አብሮ አደርም፣ አለቃም ይጠይቃል እኮ። «ማን አይቶህ?» ያልኩት ሞኝነቴ ነው። ጓደኞቹ አይተውታል።

ለልጁ ደወልኩና «ያኔ ያልኩህን ተው፣ ሁሉንም ጻፍ» አልኩት።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ይህን ምክር እንዳለ ወስዳችሁ ለራሳችሁ እንዳታደርጉት፤ በተለይ በየዓመቱ ዲቪ የምትሞሉ። የእህቴ ልጅ ዜጋ ነው፣ ክሊራንስም በመሠረቱ ለዜጋ ብቻ ነው። ለውጭ አገር ሰው የአሜሪካ ሕግ ሌላ ፊት አለው። የኢሚግሬሽን ሕጉ በዕፅ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን፣ ሳይፈረድበት የሕጉ ወንጀል የሆነውን ድርጊት መፈጸሙን በአፉ ያመነውንም ሰው እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል። ከቢትልሶቹ አንዱ ጆን ሌነን በ1968 ለንደን ላይ ሀሺሽ ይዘሃል ተብሎ 150 ፓውንድ ተቀጣ። በዚያች ቅጣት የተነሳ አሜሪካ ላስወጣህ ብላ ለዓመታት አከራከረችው፤ በ1975 ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደለት፣ ግሪን ካርዱን በ1976 አገኘ። ሌነን ነው እንግዲህ፤ ገንዘቡም ጠበቃውም ያለው። በ2019 ደግሞ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ በምትኖርበት ስቴት ቢፈቀድም እንኳ ማሪዋና ዜግነት ለማግኘት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ ይችላል ብሎ አወጣ። ስለዚህ አንድ ቃል፣ አንድ «አዎ»፣ ለዜጋው በር ሲከፍት ለስደተኛው በር ይዘጋል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው አንዲት ቃል ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ያማክር። ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ መዋሸት የባሰ ነው።

ስለ ማሪዋናው እንዲህ ከሆነ፣ ጫቱስ? ልጁን የከበደው እሱ ነበር። «አክስቴ፣ አጎቶቼ ፊት እኮ ነው፣ እማማ ቡና እያፈላች!» ይለኛል። እውነቱን ነው። ደሴ ላይ ጫት ዱአ ነው፣ ሽምግልና ነው፣ ለቅሶ መድረሻ ነው። እዚህ አካባቢያችን ግን ሳዑዲ ሄዶ ጫት ይዞ የተገኘ ወገን ምን እንደሚገጥመው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አሜሪካም በ1993 ካቲኖን የሚባለውን፣ ትኩሱ ጫት ውስጥ ያለውን አነቃቂ ነገር፣ ከሄሮይን ጋር አንድ ረድፍ ላይ አስቀምጣዋለች። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ሁለት ቀን ሲያልፍ ይኸው ነገር ይደክማል፤ በኮባ ጠቅልለን የምንሯሯጠው ለዚህ አይደል? ያው ቅጠል ደሴ ላይ ሕጋዊ፣ አውሮፕላን ላይ ወንጀል። ማሪዋናውም ቢሆን እንደዚሁ ነው፦ ልጁ የሚኖርበት ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ አዋቂ ሰው ጥቂት እንዲይዝ ፈቅዷል፣ ቅጹ ግን የምንጠይቅህ በፌዴራል ሕግ ነው ይላል። እኛ ያለንበት ሊባኖስም በ2020 ለመድኃኒት የሚሆነውን ሀሺሽ ማብቀል በሕግ ፈቅዳለች፤ የሚያጨሰው ግን ዛሬም ይታሰራል።

ልጁ ጫቱንም ጻፈው። ማብራሪያ ላይ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ብሎ ሞላ። የአጎቶቹን ስም ሲጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ አለኝ፤ «እነሱ ምን ያገባቸዋል፣ ደሴ ድረስ ማን ይመጣባቸዋል» ብዬ አሳቅኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ደወለ። «አክስቴ፣ ክፍል 19 ደርሻለሁ። ውጭ አገር ያለ የቅርብ ሰው ይጠይቃል፤ አንቺን ጻፍኩሽ። አድራሻሽን፣ የአሠሪሽን ስም ንገሪኝ።»

አሠሪ። ከማዳም ቤት ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ለምን እንደወጣሁ እዚህ አልጽፍም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀርቷል፣ ኢቃማዬ ከወደቀ ቆይቷል፣ በሰዓት እየተከፈለኝ ቤት ለቤት እሠራለሁ። አገር ቤት ያሉት ግን ዛሬም «ማዳምሽ ደህና ናት?» ይሉኛል፣ እኔም ደህና ናት እላለሁ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። የድሮዋን ማዳም ስም ብሰጠው ይጽፈዋል፤ አምኖኝ፣ ፈርሞበት።

ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ረጅም ዝም አለ፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «አለሁ» አለ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የነገርኩህን» አልኩት። በዚህ ጽሑፍ ላይ ስሜን ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ቅጹን ልኮታል። መርማሪው አግኝቶት ስለ ጫቱ ግማሽ ሰዓት ጠይቆታል፤ ይጨሳል ወይስ ይቀቀላል ብሎ። መልስ ገና አልመጣም። ለእናቱ የእኔን እሱ ይንገራት ወይስ የእሱን እኔ ልንገራት፣ እዚያ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።